ቆሞ ማየትና ገብቶ መሥራት

ጀማሪ የሆነ ሰው ሥራን የሚለምደው ቶሎ ገብቶ ሲሠራ ነው ወይስ አስቀድሞ ቆሞ ሲመለከት? ይህ ጥያቄ በዚህ ዓመት በመኝታ ቤታችንና በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ያልተነሣበት ሳምንት የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ምክንያቱም ለማንም የተሰወረ አይደለም። የማስተማር ልምምዳችን እየደረሰ ነው። በሚመጣው መንፈቀ ዓመት እያንዳንዳችን በአንድ ትምህርት ቤት በር እንገባለን፤ ስማችን ገና በተማሪዎች መዝገብ ላይ ሳለ ልጆች «መምህር» ብለው ይጠሩናል። ታዲያ ከመካከላችን ግማሾቹ «ጠመኔውን ይስጡንና ይተዉን» ሲሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ «ቢያንስ አንድ ወር ከኋላ ወንበር ተቀምጠን የነባሩን መምህር አያያዝ እንይ» ይላሉ።

ክርክሩን ያጋጋለው ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ ነው። ከክፍላችን ልጆች አንዱ የአሜሪካኖችን ኳስ በስልኩ ይከታተላል። እነርሱ እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚያዝና የሚወረወር ነው። በዚያ ጨዋታ ኳርተርባክ የሚባል ተጫዋች አለ፤ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ውስጥ የሚወስን የቡድኑ መሪ ነው። ከኮሌጅ የመጣ አዲስ ኳርተርባክ ወዲያው ይሰለፍ ወይስ ከነባሩ ጀርባ ይቀመጥ የሚለው ነገር በአሜሪካ በየዓመቱ ያሟግታል። አሮን ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ግሪን ቤይ ገብቶ ሦስት የውድድር ዘመን ከብሬት ፋቭ ጀርባ ተቀመጠ፤ በ2008 ቦታውን ያዘ፤ በ2010 የውድድር ዘመን ቡድኑን ለዋንጫ አበቃ። ፓትሪክ ማሆምስም በ2017 ለካንሳስ ሲቲ ተመርጦ በዚያ ዓመት የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። የቆሞ ማየት ወገኖች ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ። ግን ደግሞ ፔይተን ማኒንግ አለ። እርሱ በ1998 ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ተሰለፈ፤ በዚያ ዓመት 28 ጊዜ የወረወረው ኳስ በተቃራኒ ቡድን እጅ ገባ፤ ቡድኑም ከ16 ጨዋታ 13ቱን ተሸነፈ። ይኸው ሰው በኋላ አምስት ጊዜ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። አሁን ያጨበጨቡት ሌሎቹ ናቸው።

እንግዲህ ምሳሌው ለሁለቱም ወገን ያገለግላልና ብዙ አልጠቀመንም። አንድ ነገር ግን አስተውለናል። «ተቀመጠ» የተባለው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ከቡድኑ ጋር ልምምድ ሲሠራ የሚከርም እንጂ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አይደለም። ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

እኛ ይህን የምንጽፈው አራት የላስታ ልጆች ነን፤ ሦስት ወንድሞችና አንዲት እኅት። አንዳችን ከላሊበላ ከተማ፣ አንዳችን ከብልባላ፣ አንዳችን ከገነተ ማርያም ወገን፣ እኅታችንም ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ነን። ስለዚህ ጉዳይ እናውቃለን የምንለው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤት ይዘን የመጣነውን ነው።

ከአራታችን አንዱ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባቱ በፊት በዋድላ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሯል። ዋድላ ከላስታ በስተደቡብ ያለች፣ ስሟ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር አብሮ የሚጠራ የቅኔ አገር ናት። ስለ ደበሎው፣ ስለ አኮፋዳውና ስለ ውሻው ሁሉም ሰው ሰምቷልና እናልፈዋለን። ሰው ብዙ ያልሰማው ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድ ነው።

የቅኔ ተማሪ እንደ ገባ ቅኔ አይቈጥርም። መጀመሪያ ግስ ያጠናል፤ ርባ ቅምር ይሰማል፤ የኔታ በጉባኤው መካከል ተቀምጠው ሲዘርፉ ከጓደኞቹ ጋር እየተከተለ ይቀጽላል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ይህ ቆሞ ማየት ነው። ነገር ግን ሰሚው ባዶ እጁን አልተቀመጠም። የሰማውን በቃሉ ይዞ ማደር አለበት፤ ነገ «እስቲ በለው» ሲባል «ትናንት አልሰማሁም» ማለት አይቻልም። ጓደኛችን እንደሚለው በሕይወቱ እንደዚያ ወራት አድርጎ ያዳመጠበት ጊዜ የለም። አሁን በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ተቀምጦ ሲሰማ ጆሮው ሌላ ሰው ጆሮ ይመስለዋል። (በዚህ ላይ የምንጨምረው ብዙ ነበር፤ ግን መምህሮቻችንም ይህን መጽሔት ያነባሉ።)

ከዚያ በኋላ «ጉባኤ ቃና ቍጠር» ይባላል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ተማሪው ጧት ከጎጆው ይወጣና ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት አጠገብ ለብቻው ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ከሰዓት በኋላ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታም ይሰማሉ። «ሰሙስ አለ፤ ወርቁ የት ገባ?» ይላሉ። ወይም «ግሱ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቷል፤ አስታርቀህ ና» ይላሉ። ወይም ዝም ይላሉ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በነጋታው እንዲሁ፣ በሦስተኛው ቀን እንዲሁ። ጉባኤ ቃናው ሲሰምር ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ከዚያም ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። የበረታው ተማሪ ደግሞ አስነጋሪ ይሆናል፤ የኔታን አግዞ የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል። ስለዚህ በአንድ የቅኔ ቤት ውስጥ የሚቀጽለውም፣ የሚቈጥረውም፣ የሚያርመውም በአንድ ቀን አብረው ይገኛሉ፤ ሁሉም ተማሪዎች ናቸው።

እንግዲህ የቅኔ ተማሪ በየቀኑ ይሠራል፤ በየቀኑም ይሳሳታል። ቆሞ ያያል ልንለው አንችልም። ነገር ግን ስሕተቱን የሚሰሙት የኔታና አብረውት የሚማሩት ናቸው እንጂ በበዓል ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ አይደለም። ለሕዝብ የሚደርስበት ቀን ሲመጣ እንኳ ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ለብቻው አይቆምም፤ እርሱ ቃሉን በጆሮ እየነገረ ሌላው ተቀብሎ ያዜመዋል። አንዱ አእምሮውን፣ አንዱ ድምፁን ይሰጣል። እንደዚህ ያለ ዘዴ በየትኛው የመምህራን ማሠልጠኛ መጽሐፍ እንደ ተጻፈ ብንፈልግ አላገኘንም።

የብልባላው ጓደኛችን ዲያቆን ነው። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ከሦስቱ ዲያቆናት አንዱ ዋናው፣ አንዱ ንፍቁ፣ አንዱ መብራት ያዡ ነው። ልጅ ዲያቆን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመብራቱ ነው። ታዲያ መብራት የያዘ ልጅ ተመልካች ነው ወይስ ሠሪ? የሚያነበው ሰው ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ ካላወቀ ንባቡ ይጨልማል፤ ስለዚህ ወደደም ጠላም ይከታተላል። ጓደኛችን «ቃሉን ያጠናሁት ከየኔታ ነው፤ መቼ ምን እንደሚደረግ ያወቅሁት ግን ከመብራቱ ነው» ይለናል። እኛም ከክርክሩ ሁሉ ይህችን ቃል ወደድናት።

በገና ዕለት በላሊበላ የተገኘ ሰው ሌላውን ምሳሌ በዐይኑ አይቶታል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲባል ካህናቱ እኩሌቶቹ ከላይ ከማሜ ጋራ ጫፍ ላይ፣ እኩሌቶቹ ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። እኛ ልጆች ሳለን ለማየት እርስ በርስ ስንጋፋ አንድ ነገር ተመልክተናል። ጀማሪው ከሰልፉ ተለይቶ ጥግ አይቆምም፤ ከነባሮቹ መካከል ይገባል። መቋሚያ ይሰጠዋል፤ ግራና ቀኙ ያሉት ሲወዛወዙ እርሱንም ያወዛውዙታል። ከበሮውን ግን ማንም አይሰጠውም። ነገሩ ግልጽ ነው። መቋሚያው ቢዘገይ የሚያየው የጎኑ ሰው ብቻ ነው፤ ከበሮው ቢስት ግን የላዩም የታቹም ይደናገራል። ስለዚህ በአንድ ሰልፍ ውስጥ ቶሎ የሚሰጥና ዘግይቶ የሚሰጥ ሥራ አለ። ጓደኞቻችን «መግባት» ወይም «ማየት» እያሉ ሲከራከሩ የትኛውን ሥራ ማለታቸው እንደሆነ አለመጠየቃቸው ያስገርመናል።

እዚህ ላይ ስንደርስ እኅታችን ተቃወመች። «እናንተ የምትናገሩት ስለ ወንዶች ትምህርት ነው» አለች። «ለእኔ ማንም ይህን ያህል ጊዜ አልሰጠኝም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ታመመችና ምጣዱ ፊት ቀረብሁ። እናቴን ስትጋግር አይቼ ነበር፤ ግን ማየት አልጠቀመኝም። ሊጡን ስታዞር አያለሁ እንጂ እጇ ምን ያህል እንደሚፈጥን በዐይን አይታወቅም። የመጀመሪያው እንጀራ ዐይን አልነበረውም። ሁለተኛው ከምጣዱ አልነሣም አለ። በሳምንቱ ግን ሰው የሚበላው እንጀራ ጋገርሁ። ስለዚህ ተዉኝ፤ ሰው የሚማረው በእጁ ነው።»

ይህን ሙግት ማንም ሊመልስላት አልቻለም። ከብዙ ዝምታ በኋላ ግን የላሊበላው ልጅ አንድ ነገር ጠየቃት። «ዐይን የሌለውን እንጀራ ማን በላው?» አላት። «ቤተ ሰቡ በላው፤ አባቴም ምንም ሳይል በላ» አለች። እንግዲህ የጀማሪን ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ ማለት ነው። በቤት ውስጥ የከፈለው ቤተ ሰቡ ነው፤ እርሱም ወዶና አውቆ ነው የከፈለው፤ ነገም ሌላ ሊጥ አለ። እኛ ክፍል ስንገባ ግን ዐይን የሌለውን እንጀራ የሚበሉት ሰባ ልጆች ናቸው። ማንም አላስፈቀዳቸውም። ሰባተኛ ክፍልን ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አይማሩትም።

ከላሊበላ የመጣ ሰው ይህን ሲያስብ ዐይኑ ወደ አለቱ መሄዱ አይቀርም። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስን የመሰሉት ደግሞ ከጣራቸው ተጀምረው ወደ መሠረታቸው የወረዱ ናቸው። በድንጋይ ካብ የሚሠራ ግንበኛ ያልሰመረውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል። ከአንድ አለት የሚፈለፍል ሰው ግን በዓምዱ ፋንታ ዓምዱን ከቈረጠ መልሶ የሚለጥፈው ነገር የለም። እንግዲህ ሊጥ የሆነ ሥራ አለ፤ አለት የሆነ ሥራም አለ። አንድ ክፍል ልጆች ከሁለቱ የትኛው ናቸው? ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። እኅታችን «አለት አይደሉም፤ ልጅ ከመጥፎ መምህር በኋላም ይማራል፤ እኛ ራሳችን ምስክሮች ነን» አለች። ዲያቆኑ «ሊጥም አይደሉም» አለ። ከዚህ በላይ አልተስማማንም፤ ነገር ግን ሁላችንም ወደ አለቱ የሚያዘነብል ስሜት እንዳለን አልደበቅንም።

የገነተ ማርያሙ ጓደኛችን እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። እርሱ የገበሬ ልጅ ነው። «አባቴ ወይፈን ሲያቀና አይታችኋል?» አለን። ወይፈን ሲቀና ዳር ቆሞ ሌሎች ሲያርሱ እንዲያይ አይደረግም፤ ሞኝነት ነው። ሁለት ወይፈንም በአንድ ቀንበር አይጠመድም፤ ሞፈሩም ቀንበሩም ገደል ይገባል። ወይፈኑ የሚጠመደው ከቀና አሮጌ በሬ ጋር ነው። ሲያፈነግጥ አሮጌው ይይዘዋል፤ ሲቆም ይጎትተዋል፤ መመለሻው ላይ ወዴት እንደሚዞር ያሳየዋል። መጀመሪያ የሚገባበትም ማሳ ዳገቱ ሳይሆን ሜዳው ነው፤ ቀኑም የዘር ቀን አይደለም። ጓደኛችን ይህን ከተናገረ በኋላ የጨመረው ነገር ግን የበለጠ አሳሰበን። «አባቴ በዚያ ሰሞን የሚያዝኑት ለወይፈኑ አልነበረም፤ ለአሮጌው በሬ ነበር። የሁለቱንም ቀንበር የሚሸከመው እርሱ ነውና ጫንቃው ይቈስላል። ማታ ለእርሱ የሚሰጡት ድርቆሽ የተለየ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ባለፈው ዓመት ለአጭር ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቶች ወጥተን ነበር። ሁለታችን የደረስንበት ትምህርት ቤት ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ የክፍሉ መምህር በመጀመሪያው ቀን ጠመኔውን ሰጥተውን ወደ ከተማ ወጡ። እስከ ልምምዱ መጨረሻ ያየናቸው ሁለት ጊዜ ነው። ከሰባ የማያንሱ ልጆች ዐይናቸውን በእኛ ላይ ተክለው ተቀመጡ። አስተማርን። ያስተማርነው ይጠቅማቸው አይጠቅማቸው፣ ድምፃችን ይሰማ አይሰማ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ለምን አንድ ቀን እንኳ ደብተር እንዳላወጣች የነገረን ሰው የለም። የቀሩት ሁለታችን ደግሞ በሌላ ትምህርት ቤት ሦስት ሳምንት ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ቅጽ ሞላን። «መምህሩ ሰሌዳውን በአግባቡ ተጠቅሟልን?» ይላል ቅጹ። ተጠቅሟል ብለን ጻፍን። «የክፍሉ ንጽሕና እንዴት ነው?» ይላል። ደኅና ነው ብለን ጻፍን። ከዚያ የፈተና ወረቀት አረምንና ተመለስን። የመጀመሪያው አሠራር ወይፈንን ብቻውን መጥመድ ነው፤ ሁለተኛው ወይፈንን ከማሳው ዳር ማሰር ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የሚደረገው ክርክር ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚል መሆኑ ነው እኛን ያሳዘነን።

በእርግጥ «ወይፈኑን ብቻውን ጥመዱት» የሚሉ ሰዎች አንድ ብርቱ ክርክር አላቸው፤ እርሱን ሳናነሣ ብናልፍ ፍርድ ማጉደል ይሆናል። ክርክራቸውም አሮጌው በሬ የሌለበት አገር አለ የሚል ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲደረግ ብዙዎቹ የተላኩት ለማስተማር ነበር፤ መምህር ያጠረው ትምህርት ቤት ብዙ ነበርና። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአንድነት ወደ ገጠር ወጥተዋል። «ይቆይ፣ መጀመሪያ ይይ» ቢባል ኖሮ ፊደል ሳይለይ የሚቀር ሰው በዝቶ ነበር።

በእኛም ዘመን እንዲሁ ነው። የላሊበላን የአስጐብኚነት ሥራ እንውሰድ። ቀድሞ ልጆች ሥራውን የሚለምዱት ከጫማ ነበር። ጐብኝው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማውን አውልቆ ሲገባ አንድ ልጅ ይጠብቅለታል፤ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ሲወጣም ጫማውን ይዞ ይቀበለዋል። ይህ ልጅ አስጐብኚው የሚናገረውን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይሰማል። ፈረንሳዩ ምን እንደሚጠይቅ፣ ጣልያኑ የት እንደሚቆም፣ ነባሩ አስጐብኚ የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ እንዴት እንደሚመልስ ሁሉ ያያል። እርሱም እንደ መብራት ያዡ ዲያቆን ነው፤ እጁ ሥራ ይዟል፣ ጆሮው ይማራል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ጐብኝ ቆመ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተፈራረቀች። በዚያው ዓመት ገና ሕዝቡ በብዛት መጥቶ አከበረና ተስፋ አደረግን፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ሌላ ግጭት ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት ጫማ የሚጠብቅ ልጅ የሚከተለው አስጐብኚ አልነበረውም። ስንት ነገር በዚያ መካከል ሳይተላለፍ እንደ ቀረ የምናውቀው ያ ልጅ አድጎ ራሱ ሲያስጐበኝ ነው።

ትምህርት ቤቱም ከዚህ አልተለየም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት ጊዜ ነበር፤ ከእኛ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ሁለት ዓመት ከቤት የዋሉ አሉ። መምህሮቻቸው አንዳንዶቹ ሥራ ለውጠዋል፤ አንዳንዶቹ አገር ለቅቀዋል። እንደዚህ ባለ ስፍራ በሩ ሲከፈት «እኔ ገና አልበቃሁም፤ አንድ ወር ላይ» የሚል ወጣት ምን መልስ ይሰጠዋል? እኅታችን እንዳለችው ነው፤ እናት ስትታመም ልጅ ምጣዱ ፊት ይቀርባል። እኛም ይህን አምነን እንቀበላለን። ባዶ ክፍል ካለ ጀማሪ ይግባ። ነገር ግን ይህ የችግር ቀን ሕግ ነው። ነባር መምህር ባለበት፣ ሰሌዳውም ክፍሉም በተሟላበት ትምህርት ቤት የችግር ቀንን ሕግ እየጠቀሱ ጠመኔ አስጨብጦ ወደ ከተማ መውጣት ምን ይባላል? በቅኔ ቤት የኔታ ሳይሰሙ ቅኔውን ለበዓል የሚልክ ተማሪ የለም፤ የኔታም ተማሪውን ትተው ገበያ አይወርዱም።

ስለዚህ እኛ አራታችን ለሚመለከተው ክፍል አንድ ማመልከቻ ጽፈናል፤ የማኅበራችን ጽሕፈት ቤትም ተቀብሎታል። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ጀማሪው የተቀመጠበት ስፍራ ሥራ ይኑረው፤ የልጆቹን ስም ይያዝ፣ ደብተራቸውን ይመልከት፣ መምህሩ የተናገረውን ላልገባው ልጅ መልሶ ይንገር። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምር፤ ነባሩ መምህር ግን ከክፍሉ አይውጣ፤ ከሰዓት በኋላም የዕለቱን ሥራ ተቀምጠው ይነጋገሩበት። ከበሮው፣ ማለት ፈተና ማውጣትና ውጤት መስጠት፣ እስከ መጨረሻው ይቆይ። ሁለት ጀማሪ በአንድ ክፍል ብቻቸውን አይመደቡ።

ማመልከቻውን ስንፈርም የገነተ ማርያሙ ጓደኛችን እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። «ሁሉም ደኅና ነው፤ ግን ስለ አሮጌው በሬ የጻፋችሁት የት አለ?» አለን። እውነቱን ነበር። ነባሩ መምህር በሳምንት ውስጥ ስንት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፣ ከዚያ በላይ እኛን ሰምቶ የሚያርምበት ሰዓት ከየት ያመጣል፣ ለድካሙስ ምን ይሰጠዋል የሚለው በወረቀቱ ላይ አልነበረም። አንዳችን «የምስክር ወረቀት ይሰጠው» አለ፤ እኅታችን ሳቀች። ሌላው «ልምምድ ባለበት መንፈቀ ዓመት የክፍለ ጊዜው ቍጥር ይቀነስለት» አለ፤ ዲያቆኑ ግን «የተቀነሰውን ማን ያስተምረዋል?» ሲል ጠየቀ። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ መብራቱ ሲጠፋ ገና በዚህ ላይ ነበርን። በመጨረሻ ስድስተኛ ቍጥር ጨምረን «የነባሩ መምህር የሥራ ጫና ይታይ» ብለን ጻፍን፤ እንዴት እንደሚታይ ያሰበ አንባቢ ካለ አሳቡን ጽፎ በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ቢከትልን ከስብሰባው በፊት እናነበዋለን።